ሮምን በአንድ ቀን የሚሸጡልን ሰዎች

የክሩዝ መርከብ የሚሸጠው ባሕር አይደለም። ባሕርማ ከሁለተኛው ቀን በኋላ ያው ውኃ ነው። የሚሸጠው ወደብ ነው። ማስታወቂያው ላይ የከተሞቹ ስም በደማቅ ፊደል ተደርድሯል፤ ባርሴሎና፣ ማርሴይ፣ ሮም፣ አቴንስ። ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሻንጣው ካቢን ከገባ በኋላ ግን እያንዳንዱ ስም ከአንድ ቀን ያነሰ መሆኑ ይገባዎታል። መርከቡ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይቆማል፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ተመልሶ መግባት አለበት። “ሮም” ማለት በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ናት።

እሷም ብትሆን ሙሉ አይደለችም። ሮም የባሕር ጠረፍ ከተማ ስላልሆነች መርከቦቹ የሚቆሙት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሲቪታቬኪያ ነው። ወደቡን በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ትራያን ነው። ከመርከብ ሲወርዱ ፊት ለፊት የሚገጥምዎት ምሽግ በብራማንቴ ተጀምሮ ዛሬ በማይክል አንጄሎ ስም ይጠራል። በሌላ አገር ቢሆን ይህ ብቻውን አንድ ቀን ያውላል። እዚህ ግን ማንም ቀና ብሎ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3 ሚሊዮን በላይ የክሩዝ ተሳፋሪዎች በዚህ ወደብ አልፈዋል፤ እኛ የወረድን ዕለት እንዳየሁት ከሆነ ሰው ሁሉ ዓይኑ አውቶቡሱ ላይ ነው።

እኔና ባለቤቴ ለዚህ የበቃነው በልጆቻችን ግፊት ነው። የኛ ትውልድ ስደተኛ ሥራ እንጂ ዕረፍት አያውቅም። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ስነዳ፣ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተራ ስትገባ ዕድሜያችን ሄደ። የዓመት ፈቃድ ካገኘን አገር ቤት ነው የምንሄደው፤ ያም ቢሆን ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለልቅሶ፣ አለበለዚያም ያላለቀ ቤት ለማስጨረስ። “መዝናናት” የሚለውን ነገር ለሌላ ሰው የተፈጠረ አድርገን ስለኖርን፣ ልጆቹ የመርከቡን ቲኬት ቆርጠው ሲሰጡን ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችው “ይህ ብር ተመላሽ ይሆናል ወይ?” ብላ ነው። አይሆንም ተባለች። እንዲህ ሆኖ ነው የተሳፈርነው።

መርከቡ ውስጥ የጉብኝት ቲኬት የሚሸጥበት ጠረጴዛ አለ፤ ከምግብ ቤቱ ቀጥሎ ረጅም ሰልፍ የሚታየው እዚያ ነው። “ሮም በአንድ ቀን” የሚለውን ዝርዝር አነበብኩት። ኮሎሲየም ከውጭ፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃዎች፣ ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ፣ ምሳ፣ እንዲሁም “ነፃ ጊዜ”። ነፃ የምትባለው ጊዜ በደቂቃ ተለክታ ተቀምጣለች። አውቶቡሱ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከቀረው ላይ የመጸዳጃ ቤት ሰልፉንና የጠፋ ሰው ፍለጋውን ሲቀንሱ፣ ሮም የቀረችው ለስልክ ካሜራ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል? ስለሚፈራ። የጉዞው ሕግ ሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፤ በመርከቡ ጉብኝት የሄደ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፣ ካልሆነም ወደሚቀጥለው ወደብ ያደርሱታል። በራሱ የሄደ ከዘገየ ግን መርከቡ ጥሎት ይሄዳል፤ ፓስፖርቱን ለወደቡ ወኪል ትተውለት፣ በራሱ ወጪ ተከትሎ ይደርሳል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡት ልጆች ይህን እያሳሳቁ ይነግሩዎታል። ከሮም ይልቅ የሚሸጠው ይህ ፍርሃት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትርፉም ከሱ ሳይሆን አይቀርም።

እኛ በራሳችን ለመሄድ ወሰንን። የት የሚለው ግን አጣላን። ባለቤቴ ቅዱስ ጴጥሮስን ነው የምትለው። እኔ የምለው ፖርታ ካፔና አደባባይን ነው፤ የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን።

“አሁን የት ነው ያለው ሐውልቱ?” አለችኝ።

“አክሱም።”

“እና የሌለ ነገር ለማየት ነው ባቡር የምንሳፈረው?”

መልስ አልነበረኝም። ከእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ በኋላ ዝም ማለት እንደሚያዋጣ ትዳር ያስተምራል። ጠዋት ላይ ጫማዋን እያሰረች “በል ተነስ፣ መጀመሪያ ያንተን ባዶ ቦታ እንይ፣ ከዚያ የኔን” አለች።

ከወደቡ በር በአመላላሽ አውቶቡስ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄድን። ቲኬት ገዝተን፣ መሳፈሪያው አጠገብ ካለችው ማሽን ላይ አስመታነው። ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህንን ነው፤ የወረቀት ቲኬት ሳይመታ ከተሳፈሩ ገዝተውም ቢሆን ይቀጣሉ። ባቡሩ ባሕሩን በቀኝ በኩል እያሳየን አንድ ሰዓት ያህል ወስዶ ኦስቲየንሴ ጣቢያ አደረሰን። ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1938 ሂትለር ሮምን ሲጎበኝ እሱን ለመቀበል ተብሎ የተሠራ ነው፤ በነጭ እብነ በረድ የተለበጠ፣ ያለ ቅጥ ሰፊ የሆነ ነው። ሙሶሎኒ እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን እንዲህ ነበር የሚያሳምረው። ከዚያ በምድር ውስጥ ባቡር አንዲት ፌርማታ ሄደን ቺርኮ ማሲሞ ወረድን። ከጣቢያው ስንወጣ አደባባዩ ፊታችን ነው።

ታሪኩን አንባቢ ያውቀዋል፣ ቢሆንም ቦታው ላይ ቆሞ ማሰብ ሌላ ነው። 24 ሜትር ቁመት፣ ወደ 160 ቶን ክብደት ያለው፣ የተዘጋ በርና የመስኮት ደርብ በድንጋይ ላይ የተቀረጸበት፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ የቆመ ሐውልት ነው። ጣሊያኖች ተሰባብሮ ወድቆ ያገኙትን በመኪና ምፅዋ አውርደው ወሰዱት፤ ጥቅምት 1937 ላይ ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበትን 15ኛ ዓመት ለማክበር እዚህ አቆሙት። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ነበር። 18 ወሩ 58 ዓመት ሆነ። በ2002 መብረቅ መታው፣ በ2003 ፈታተው አወረዱት፤ በሚያዝያ 2005 በሦስት ቁራጭ፣ አንቶኖቭ በሚባለው ግዙፍ አውሮፕላን አክሱም ገባ። በ2008 እንደገና ቆመ። ያን የሚያዝያ ሰሞን ቨርጂኒያ ውስጥ በየቡና ቤቱ ሐበሻ ሁሉ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ነበር። በሌላ በምንም ነገር የማይስማሙ ሰዎች አንድ ላይ ሲያጨበጭቡ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ባዶ ቦታ እጠብቅ ነበር። ቦታው ግን ባዶ አይደለም። ሁለት የጥንት ምሰሶዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ቀርበን ስናይ መታሰቢያ ናቸው። በ2009 የተተከሉት በመስከረም 11 ቀን 2001 ለሞቱት ሰዎች ነው፤ ሁለቱ ምሰሶዎች ሁለቱን የኒውዮርክ ሕንፃዎች ይወክላሉ።

ባለቤቴ ብዙ ቆመች። ያን ቀን ጠዋት እሷ ከሌሊት ተራዋ ወጥታ አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር፤ የፔንታጎኑን ጭስ ቆማ አይታዋለች። 184 ሰው ነው እዚያ ብቻ የሞተው። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት መንገድ ሁሉ ተዘጋግቶ፣ የእኔ ታክሲ ቆሞ፣ ቤት ኪራይ በብድር ከፍለናል። እንግዲህ ያንን የትውልድ አገራችንን ሐዘን ፍለጋ ሄደን፣ የምንኖርበትን አገር ሐዘን በሱ ቦታ ቆሞ አገኘነው። ጣሊያኖቹ ይህን ያደረጉት እኛን አስበው አይደለም። የዘረፉትን ሲመልሱ በቦታው “እዚህ ቆሞ ነበር፣ ወስደነው ነበር” የሚል አንድ ድንጋይ ቢያስቀምጡ ምን ነበረበት የሚል ቅሬታዬ እንዳለ ነው። ነገር ግን ምሰሶዎቹን መጥላት አልቻልኩም፤ ባለቤቴ ደግሞ ማማተብ ጀምራ ነበር።

አጠገቡ ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሲጀመር ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ፣ ቅኝ ግዛቶቹን ለማስተዳደር የታሰበ ነበር። ቅኝ ግዛቱ ቀርቶ ሕንፃው ተረፈ፤ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ የእኛ ረሃብ የተመከረበትም እዚሁ ነው። ታሪክ ቤት አያባክንም።

ከዚህ በኋላ ያለው የቀኑ ምርጥ ነገር ነው፤ ጠረጴዛው ላይ በምንም ዋጋ አይሸጥም። ከፖርታ ካፔና ተነስቶ በሳን ግሬጎርዮ ጎዳና በኩል ወደ ቆንስጣንጢኖስ ቅስት የሚወስደው መንገድ፣ አበበ ቢቂላ የሮጠው የመጨረሻው መንገድ ነው። ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፣ ያውም በጡረተኛ እግር። እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ማራቶኑ የተጀመረው በካፒቶሊኖ ኮረብታ ሥር አመሻሽ ላይ ነበር፤ በአፒያ ጎዳና ዳርና ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው አብርተውለታል። አበበና የሞሮኮው ራዲ ጎን ለጎን ሮጠው ወደ ከተማ ከገቡ በኋላ፣ በባዶ እግሩ ያለው የክቡር ዘበኛ ወታደር ያ የተዘረፈ ሐውልት በቆመበት አልፎ ወደ ቅስቱ ብቻውን ገሰገሰ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆነ። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራም ሰባተኛ ሆኖ ገባ፤ ስሙን የሚያነሳለት ጥቂት ስለሆነ እኔ ላንሳው።

በኛ አቆጣጠር ያ ምሽት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማ! አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ሲያወራ ነው የኖረው፤ ችቦ የሚለኮስበት ምሽት፣ እዚያም ሮም ችቦ በርቶ። እኔ ሕፃን ነበርኩና አላስታውስም፣ ግን ከብዙ መስማት የተነሳ ያየሁ ይመስለኛል።

መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በግራ ፓላቲኖ ኮረብታ፣ በቀኝ ቼሊዮ፣ ጥላ የሚሰጡ ዛፎች አሉት። ባለቤቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ስለዚህ ቀስ እያልን ሄድን። መሃል ላይ “ጫማ ይወልቅ እንዴ?” አልኳት። “አንተ ሰውዬ፣ ስኳር አለብህ፣ እግርህን ጠብቅ” አለች። ሐኪሜም ይህንኑ ነው የሚለው። ቅስቱ ሥር ስንደርስ ጎብኚው እንደ ጎርፍ ነው፤ ቁጥር ያለበት ክብ ወረቀት ደረታቸው ላይ የለጠፉ፣ ከፍ ያለ ባንዲራ የሚከተሉ የእኛው መርከብ ሰዎች በአጠገባችን ሲያልፉ አየን። አስጎብኚያቸው ስለ ቆንስጣንጢኖስ ትናገራለች። ስለ አበበ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ለምንስ ትናገር? ያቺ ጊዜ በደቂቃ የተሸጠች ናት።

መምረጥ ማለት መተው ነው፣ ብዙ ተውን። ከኮሎሲየሙ በምድር ውስጥ ባቡር ስንሄድ ተርሚኒ ላይ መስመር ቀየርን። ከራሳችን በላይ ያለው አደባባይ “የአምስት መቶዎቹ አደባባይ” ይባላል፤ በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮች የተሰየመ ነው። መታሰቢያቸውም ከዚያ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ተዘርፎ የመጣው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ከመታሰቢያው ሥር ተቀምጦ ሲያይ ዘርአይ ደረስ በ1938 ጎራዴ የመዘዘው እዚያ ነው። መውጣት አማረኝ። ሰዓቴን አየሁ፣ ባለቤቴንም አየኋት፣ ዝም ብዬ ቀጠልኩ። በዚህ አልቆጭም፤ የዘርአይ ቦታ ሌላ ቀን ይገባዋል እንጂ በሁለት ባቡር መካከል የሚሰለብ አይደለም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ላይ ሰልፉ አደባባዩን ዞሮ ጨርሷል። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ስንጠይቅ ጠባቂው ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ አዘንኩላት፤ እሷ ግን አልከፋትም። ከምሰሶዎቹ አንዱ ሥር ነጠላዋን አጣፍታ ቆመች። ከባዚሊካው በስተጀርባ፣ ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ “የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ” የሚባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ነገርኳት። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ጳጳሱ ለኢትዮጵያ መነኮሳት ሰጥተውት፣ ኢየሩሳሌምን አልፈው የመጡ አባቶች ያርፉበት ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 በማተሚያ ቤት ያሳተሙት እዚያ ሲኖሩ ነው። ዝም ብሎ ግን አይገባም፤ በሩ ላይ የስዊስ ዘበኞች አሉ።

“ሳንገባ ልንሄድ ነው” አልኳት።

“እኔ ለመድረስ ነው የመጣሁት እንጂ ለማየት አይደለም” አለችኝ።

የቱሪዝም ባለሙያ ነን የሚሉ ሰዎች ስብሰባ ሲጠሩ ይህችን ሴት ቢጋብዟት ደስ ይለኛል። ከሷ ንግግር ወዲህ “ምን ያህል አየን” የሚለው ቆጠራ ለእኔ ትርጉም አጥቷል። መሳለም አንድ ነገር ነው፣ መጎብኘት ሌላ፤ ሁለተኛው መግቢያ ቲኬት ይፈልጋል፣ የመጀመሪያው ግን መቆሚያ ቦታ ብቻ ይበቃዋል።

ከተሞቹም ቢሆኑ እየሰለቻቸው ነው። ቬኒስ ትልልቆቹን መርከቦች ከ2021 ጀምሮ ከመሃል ቦዮቿ አግዳለች፤ በአላስካ ያለችው ጁኖ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከብ በላይ ላለመቀበል ተስማምታለች። እውነታቸውን ነው። አንድ ሺህ ሰው ከአንድ በር ወጥቶ በአንድ ሰዓት አንድ አደባባይ ላይ ሲፈስ፣ ማኪያቶ እንኳ ሳይገዛ ፎቶ አንስቶ ሲመለስ፣ ለከተማው የሚተርፈው ቆሻሻ ነው። እኛም ከዚያው መርከብ ነን፤ በባቡር መሄዳችን ንጹሕ አያደርገንም። ምሳችንን ግን ኦስቲየንሴ ጣቢያ አጠገብ፣ የጥንት ፒራሚድ ያለበት ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ቤት በላን፣ ባለቤትየው ሂሳቡን በእጁ ጻፈልን።

መመለሻው ላይ ባቡሩ ሩብ ሰዓት ዘገየ። ባለቤቴ መቁጠሪያዋን አወጣች፣ እኔ ሰዓቴን። ጊዜ ነበረን፤ አስቀድመን የሁለት ባቡር ትርፍ ትተን ነበርና። ወደቡ ላይ ስንደርስ ግን እየሮጡ የሚመጡ አየን፤ አንደኛው ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር። ከላይ፣ ከየደርቡ፣ ተሳፋሪው ተደግፎ ያጨበጭብላቸዋል፤ ይህ የመርከብ ላይ የታወቀ መዝናኛ ነው። አበበን ያሰብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከበሩ ወዲህ፣ የወደቡ ግንብ ላይ፣ የእኛን ካቢን የሚያጸዳው ፊሊፒናዊ ልጅ ተቀምጦ ስልክ ያወራ ነበር። ነፃ ኢንተርኔት የሚይዘው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ለሱ ሮም ማለት በሁለት ፈረቃ መካከል ያገኛት ጥቂት ሰዓትና ያ ግንብ ነው። ውላቸው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራሉ፣ ደመወዙ ወደ ቤት ይላካል። ስልኩ ላይ ያለችው ሕፃን ልጁ መሆኗን ከፊቱ ማወቅ ይቻላል። ባለቤቴ አልፋው ልትሄድ አልቻለችም፤ ከቦርሳዋ ለራሷ የገዛችውን ብስኩት አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት። እንደዚህ ግንብ ላይ ተቀምጠን በካርድ ስልክ አገር ቤት የደወልንበት ዘመን አለን። ሰው ጡረታ ሲወጣ ከሥራ እንጂ ከዚህ አይወጣም።

ማታ እራት ላይ የምንካፈለው ጠረጴዛ ከቴክሳስ የመጡ ባልና ሚስት አሉበት፤ ደግ ሰዎች ናቸው። ሰባት ቦታ አይተዋል፣ እግራቸው አብጧል፤ ስልካቸውን እያገላበጡ አሳዩን። ፎቶዎቹ እውነትም ያምራሉ። እናንተስ ምን አያችሁ አሉን። ባለቤቴ ሹካዋን አስቀምጣ “ሁለት ምሰሶ፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ሰልፍ” አለቻቸው በእንግሊዝኛ። እየቀለደች መስሏቸው ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

ካቢናችን ስንገባ የነገውን ፕሮግራም አልጋው ላይ አስቀምጠውልናል። ናፖሊ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ።

“ነገ ሐውልት የለም” አለችኝ መነጽሯን እያወለቀች። “ነገ ፒዛ ነው።”

“እሺ” አልኳት። በመጋቢት 1937 “አድዋ” የሚባል መርከብ የአክሱምን ሐውልት ጭኖ የገባው ናፖሊ ወደብ መሆኑን ከፒዛው በኋላ እነግራታለሁ።